ማሬ ረጋ፤ ስኳር ገብቶበት ይሆን?

ጥያቄ፦ ከትግራይ የመጣልኝ ነጭ ማር በሁለት ወር ውስጥ እንደ ቅቤ ረጋ። ማንኪያ እንኳ አያስገባም። ስኳር ቀላቅለውበት ይሆን?
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ ቆይ፣ እንዳትጥዪው! መርጋቱ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል። ቅልቅል መሆኑን በእርግጠኝነት የሚለየው ላብራቶሪ ነው። ማር ውስጥ ውሃው 18 በመቶ ገደማ ነው፣ ስኳሩ ግን ወደ 80 በመቶ ይጠጋል፤ ያን ሁሉ ስኳር ያቺ ትንሽ ውሃ ለሁልጊዜ አሟሙታ መያዝ አትችልም። ዋናዎቹ ስኳሮች ፍሩክቶስና ግሉኮስ ናቸው። ፍሩክቶሱ ሟሙቶ ይቀመጣል። ግሉኮሱ ነው የአበባ ብናኝ ወይም የሰም ፍርፋሪ ላይ እየተጣበቀ ቀስ በቀስ ክሪስታል የሚሠራው። 14 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ በጣም ይፈጥናል፣ የአዲስ አበባ ጓዳ እኮ ለዚህ የተመቸ ነው። እስቲ ትንሽ በጣቶችሽ መሀል እሺው፤ ደቃቁ ፍሬ በገላሽ ሙቀት ሲሟሟ ይሰማሻል።

ለማቅለጥ ብልቃጡን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይው፣ ከ40 ዲግሪ ብዙ አይለፍ። እሳት ላይ እንዳትጥጂው፣ ያ ሁሉ መዓዛ ይሄድብሻል፣ ያሳዝናል። ከላይ ቀጭን ፈሳሽ ካቀረረና አረፋ ካወጣ ግን መፍላት ጀምሯል ማለት ነው። ያኔ ጠጅ ጣይበት።