ድንኳንና የጀርባ ቦርሳ በገዛ እጅ መስፋት፦ ስለ መኪናው፣ ስለ መርፌውና ስለ ክሩ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪው፦ ተራራ የምትወጡ ወዳጆቼ፣ ድንኳንና የጀርባ ቦርሳ በገዛ እጃችሁ ለመስፋት መነሣታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ፒያሳ ውስጥ የስፌት መኪና ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሰፈሩ ብዙ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ መፍቻዬንና ካቻቢቴዬን ሰብስቤ ቤቴ ገብቻለሁ፤ ዛሬ የምሰፋው ለራሴና አብረውኝ ለሚጓዙ ሰዎች ብቻ ነው። ጥያቄ ስትጽፉ ሦስት ነገሮችን አትርሱ፤ እነርሱም የመኪናው ዓይነት፣ የጨርቁ ዓይነትና የመርፌው ቁጥር ናቸው። እነዚህ ካልተገለጹ የምናገረው ሁሉ ግምት ይሆናል።

ጥያቄ (ከሰንጋ ተራ)፦ ጋሼ፣ መኪናዬ ስፌት ይዘላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መኪናው የትኛው ነው? ጨርቁስ? መርፌውስ ቁጥሩ ስንት ነው? መግቢያው ላይ የጻፍኩትን አንብብ። እስከዚያው መርፌውን ቀይር።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከአያቴ የወረስኩት ጥቁር የእግር ሲንጀር አለኝ፤ የሚሰፋው ቀጥታ ስፌት ብቻ ነው። ለሰሜን ተራሮች ጉዞ ቀለል ያለ ድንኳን ልሰፋበት አስቤ ነበር፤ ጓደኞቼ ግን ሠላሳ ዓይነት ስፌት የሚያወጣ አዲስ መኪና ካልገዛሽ አይሆንም ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ የአያትሽን መኪና ለማንም እንዳትሰጪ። ድንኳን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰፋው በቀጥታ ስፌት ነው፤ ከሠላሳው ዓይነት ሃያ ዘጠኙን ዕድሜሽን ሙሉ አትነኪያቸውም። የጥንቱ ሲንጀር አካሉም፣ ዘንጉም፣ ማርሹም ብረት ነው፤ ዛሬ ለቤት ተብለው በርካሽ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ግን ውስጣቸው የፕላስቲክ ማርሽ ስላለ፣ አራት ድርብ ማንገቻ ሲገጥማቸው ጥርሳቸው ይረግፋል። ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ጥቅም አለው። ቀጥታ ብቻ የሚሰፋ መኪና መርፌው የሚገባበት ቀዳዳ ክብና ጠባብ በመሆኑ ስስ ናይለን ወደ ታች አይዋጥበትም፤ ዚግዛግ በሚሰፋው ላይ ግን መርፌው ግራና ቀኝ እንዲወዛወዝ ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ የድንኳን ጨርቅ ገና መነሻው ላይ ወደ ውስጥ ይገባና ከክሩ ጋር ይቋጠራል። መኪናሽ ይህን ችግር ሳይነግርሽ ያድንሻል።

የስፌቱም መሠረት አልተለወጠም። ኤልያስ ሃው በ1846፣ አይዛክ ሲንጀር ደግሞ በ1851 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብታቸውን ካስመዘገቡ ጀምሮ የላይኛው ክር ከታችኛው ጋር በጨርቁ መካከል እየተቆላለፈ ይሄዳል፤ ትናንት የወጣው ኮምፒውተር ያለበት መኪናም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስኮትላንድ ክላይድባንክ የነበረው ትልቁ የሲንጀር ፋብሪካ በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል፤ ከእርሱ የወጡ መኪኖች ግን ዛሬም እኔ ቤት ይሰፋሉ።

ከመጀመርሽ በፊት ጨርቁን የሚጎትቱት ጥርሶች ያሉበትን ሳህን ፈትተሽ ከሥሩ የተጠራቀመውን የክር ብናኝ በብሩሽ አውጪ፤ ከዚያም በዘይት ቀዳዳዎቹ ሁሉ ነጭ የመኪና ስፌት ዘይት አንድ አንድ ጠብታ አድርጊ። የምግብ ዘይት የሚያደርግ ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይነጋገር፤ ያ ዘይት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ስንቱን መኪና እንደ ድንጋይ ደርቆ በጋዝ አላቅቄዋለሁ። የቆዳው ቺንጋ ከላላ ደግሞ አዲስ አትግዢ፤ ጥቂት ቆርጠሽ መልሰሽ አያይዢው። መርፌውንም ቀይሪ።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ እንዲህ ያለው መኪና ዋጋው ስንት ነው? የትስ ይገኛል?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም። መርካቶ ገብተህ ጠይቅ፤ ምናለሽ ተራንም ሳታይ አትመለስ። ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ግን መዘውሩን በእጅህ አዙረው፤ ሳይያዝና ሳይንኳኳ ከዞረ ቀሪው ይጠገናል።

ጥያቄ (ከሰንጋ ተራ)፦ ጋሼ፣ መኪናው ሲንጀር ነው፤ ጥቁር ነው። አሁንም ይዘላል።

መልስ፦ ጥቁርነት ቀለም እንጂ ሞዴል አይደለም። ጨርቁንና የመርፌውን ቁጥር አሁንም አልነገርከኝም። መርፌውን ቀይረሃል?

ጥያቄ (ከጊዮርጊስ)፦ ሰፈራችን ያለ ልብስ ሰፊ ድንኳን በጥጥ ክር ይሰፋ ብሎኛል፤ ክሩ ሲረጥብ አብጦ ቀዳዳውን ይደፍናል ይላል። እኔ የያዝኩት ግን ስስ ናይለን ነው። እውነቱ የቱ ነው?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ልብስ ሰፊው አልዋሸህም፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ሌላ ድንኳን ነው። ወፍራሙ የጥጥ ሸራ ድንኳን ሲረጥብ ጨርቁም ክሩም አብረው ያብጡና ቀዳዳው ይጠብባል፤ ለዚህ ሥራ ውስጡ ፖሊስተር ሆኖ ላዩ በጥጥ የተጠቀለለ ክር አለ። ንጹሕ የጥጥ ክር ግን እርጥብ ሆኖ ተጠቅልሎ የተቀመጠ እንደሆነ ይበሰብሳል፤ ውሃ እንዳያስገባ የተለበጠ ናይለን ደግሞ አብጦ ቀዳዳውን አይደፍንም። ስለዚህ ለአንተ የሚሆነው ፖሊስተር ክር ነው። የናይለን ክር ጠንካራ ቢሆንም ይለጠጣል፤ ፀሐይንም እንደ ፖሊስተር አይችልም፤ እኛ ደግሞ የምንወጣው 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐይዋ ወደምታቃጥልበት ነው።

ሻጩ የሚነግርህን አትመን፤ ከክሩ ጫፍ ቆርጠህ በክብሪት ለኩሰው። የወረቀት ሽታ ሰጥቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው፤ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ከሠራ ሰው ሠራሽ ነው። አንድ ጊዜ ካንድ ሱቅ ፖሊስተር ተብዬ የገዛሁትን ክር ሳልፈትን ሰፍቼበት፣ የቦርሳዬ ማንገቻ ባሌ ላይ ሳኔቲ ሜዳ መካከል ተበጥሶ ሸክሜን በአንድ ትከሻ ይዤ ተመልሻለሁ።

ውፍረቱ በቴክስ ይለካል፤ ቴክስ 40 ማለት 1,000 ሜትሩ 40 ግራም የሚመዝን ክር ነው። ለስስ የድንኳን ናይለን ከቴክስ 25 እስከ 30 ያለው ከ70 ወይም ከ80 ቁጥር መርፌ ጋር፣ ለዝናብ ልብስና ለአብዛኛው ቦርሳ ቴክስ 40 ከ90 ቁጥር ጋር፣ ለማንገቻ ደግሞ ቴክስ 70 ከ100 ወይም ከ110 ቁጥር ጋር ይሄዳል። የመርፌው ቁጥር ውፍረቱን በሚሊሜትር መቶኛ የሚናገር ነው፤ 90 ቁጥር 0.9 ሚሊሜትር ነው። አሮጌው አቆጣጠር 90ውን 14፣ 100ውን 16፣ 110ሩን 18 ይለዋል። ስፌቱንም አታጥብቀው፤ በአንድ ሚሊሜትር እርምጃ የተሰፋ ናይለን እንደ ቴምብር ጠርዝ ተበሳስቶ በዚያው መስመር ይቀደዳል፤ ለስሱ ከ2.5 እስከ 3፣ ለማንገቻ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ይበቃል። ጨርቁን በስፒል አትያዘው፤ የወጋኸው ቀዳዳ እንዳለ ይቀራል። የልብስ መቆንጠጫ ተጠቀም።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ የጨርቁን ጠርዝ የሚጠልፍ ኦቨርሎክ መኪና ያስፈልገናል?

መልስ፦ አያስፈልግም። ጠርዙን አጥፋችሁ ስፉት።

ጥያቄ (ከሠራተኛ ሰፈር)፦ በተርፍላይ የእግር መኪና ነው፤ ጨርቁ የዣንጥላ ጨርቅ የመሰለ ናይለን ነው፤ መርፌው 80 ቁጥርና አዲስ ነው። ከላይ ሲታይ ስፌቱ ያምራል፤ ከሥር ግን ክሩ እንደ ፎጣ ተንዘርፍፏል። የታችኛውን ክር ብሎን አጠበቅኩ፤ ምንም አልተለወጠም።

መልስ፦ ሦስቱንም ነገር ጽፈሃልና እግዚአብሔር ይስጥህ። ከሥር የተንዘረፈፈው ክር የላይኛው ክር ነው፤ ስለዚህ በሽታው ያለው ላይ ነው። ብዙ ሰው ጉድለቱን የሚያየው ከሥር ስለሆነ የታችኛውን ብሎን እየነካ ደህናውን ያበላሻል። ክር በምታስገባበት ጊዜ ጨርቁን የሚጫነው እግር ወደ ላይ የተነሣ ይሁን፤ እግሩ ሲነሣ ክሩን የሚያጠብቁት ሁለቱ ክብ ሳህኖች ስለሚከፈቱ ክሩ በመካከላቸው ይገባል፤ እግሩ ወርዶ ሳለ ያስገባኸው ክር ግን በላያቸው ያልፍና የሚይዘው ነገር አይኖርም። ካስገባህ በኋላ እግሩን አውርደህ ክሩን ሳብ አድርገው፤ መርፌውን እስኪያጎብጥ ድረስ ሊከብድህ ይገባል። የታችኛውን ብሎን ወደ ነበረበት መልሰህ ሁለተኛ አትንካው።

አስተያየት (ከለገሃር)፦ ይቅርታ ጋሼ፣ በእግር መኪና ማንገቻ መስፋት ግን ጊዜ ማባከን ነው። እኔ ጥቁሩ ሲንጀር ላይ ሞተር አስገጥሜ በአንድ ቀን ሁለት ቦርሳ እጨርሳለሁ።

አስተያየት (ከአራት ኪሎ)፦ መብራት ሲጠፋስ ስንት ቦርሳ ይጨርሳሉ? የእግር መኪና ቆጣሪ አያውቅም።

አስተያየት (ከለገሃር)፦ መብራት ሲመጣ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ፤ በእግር የሚሰፋው ሰው ግን ገና የመጀመሪያውን ኪስ እየሰፋ ይሆናል።

አስተያየት (ከጌጃ ሰፈር)፦ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል፤ ትክክለኛው የእጅ መኪና ነው፤ አንድ እጅ ያዞራል፣ አንዱ ይመራል።

አስተያየት (ከለገሃር)፦ አራት ሜትር የድንኳን ጨርቅ በአንድ እጅ የሚመራ ሰው ካለ መጥቼ አየዋለሁ።

መልስ፦ ጥያቄ ካላችሁ ጠይቁ፤ ክርክሩን ቡና ስትጠጡ ትጨርሱታላችሁ። ድርብርብ ማንገቻ ላይ ስትደርሱ በሞተርም ሆነ በእግር መስፋቱን አቁሙና መዘውሩን በእጃችሁ አዙሩ፤ መርፌ የሚሰበረውና ዓይን የሚጠፋው በፍጥነት ነው። ከዚያ በፊትም መርፌውን ቀይሩ።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ከአሜሪካ የተላከልኝ መኪና ላይ 110 ቮልት ይላል። ልሰካው?

መልስ፦ እንዳትሰካው! የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ ሞተሩ ይቃጠላል። ለሞተሩ ኃይል የሚበቃ ትራንስፎርመር ፈልግ።

ጥያቄ (ከቸርችል ጎዳና)፦ የፋብሪካ መኪና ለመግዛት አስቤያለሁ፤ ጁኪ ዲዲኤል 8700 የሚባለው ነው። ቦርሳም ድንኳንም ይሰፋልኛል ተብያለሁ።

መልስ፦ ጥሩ መኪና ነው፤ የተሠራው ግን ሸሚዝ ለሚሰፋ ፋብሪካ ነው። በደቂቃ እስከ 5,500 ስፌት ስለሚሄድ፣ ያልለመደ እግር ነካ ሲያደርገው የድንኳኑ ማዕዘን አልፎ ይገኛል፤ ከገዛህ ፍጥነቱ ዝቅ የሚደረግ ሰርቮ ሞተር ያለውን ምረጥ። ሸራና ማንገቻ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ጨርቁን የሚጎትቱት ጥርሶች ከሥር ብቻ ስለሆኑ የታችኛው ድርብ እየሄደ የላይኛው ይቀራል፤ በሁለት ሜትር ስፌት መጨረሻ ላይ አንዱ ጫፍ ካንዱ ጣት በላይ ተበልጦ ታገኘዋለህ። ቦርሳ የሚሰፉ ሰዎች መርፌውና የሚጫነው እግር ከጨርቁ ጋር አብረው የሚራመዱበትን መኪና የሚፈልጉት ለዚህ ነው። በዓመት አንድ ድንኳን ለሚሰፋ ሰው ግን ሁለቱም አያስፈልጉትም፤ ጨርቁን ከፊትም ከኋላም በእኩል ወጠር አድርጎ መያዝ ይበቃዋል።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ የእኔም መኪና ከሥር ክሩ ይንዘረፈፋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል።

ጥያቄ (ከጊዮርጊስ)፦ ድንኳኑን ሰፍቼ ውሃ አፈሰስኩበት፤ ጨርቁ አላስገባም፣ በስፌቱ ግን ይንጠባጠባል።

መልስ፦ መርፌ የበሳው ሁሉ ያፈስሳል። መጀመሪያ መጋጠሚያው እንደ ጂንስ ሱሪ የእግር ስፌት ሁለቱ ጠርዞች እርስ በርስ ተጠልፈው በሁለት መስመር የተሰፉ ይሁኑ። ከዚያ ጨርቁ በምን እንደተለበጠ እወቅ። በሲሊኮን የተለበጠ ጨርቅ ከሲሊኮን በቀር ምንም አይጣበቅበትም፤ ለመስታወት የሚሆነውን ንጹሕ ሲሊኮን በቀለም ማቅጠኛ አቅጥነህ በብሩሽ በስፌቱ ላይ ቀባው፤ መስኮት ከፍተህ፣ ከእሳት ርቀህ። ፖሊዩሬቴን በሚባለው ፕላስቲክ በተለበጠው ላይ ግን ሲሊኮን በደንብ አይዝም፤ ለእርሱ የራሱ ማሸጊያ ወይም በሙቀት የሚለጠፍ ቴፕ አለው። ናይለን ሲረጥብ ስለሚለጠጥ ሌሊት ድንኳኑ ከረገበ ስፌትህን አትጠራጠር፤ ተነሥተህ ገመዱን ወጥር።

ጥያቄ (ከሰንጋ ተራ)፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሁን ሁሉንም ልጻፍ። መኪናው የአባቴ የእግር ሲንጀር ነው። ጨርቁ የቦርሳ ናይለን ነው። መርፌው 16 ቁጥር ነው፤ አዲስ ነው፤ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ ጎረቤታችን ሰጥታኝ ነው። ግንዱ፣ መኪናው ላይ የሚታሰረው ወፍራም ጫፉ ማለቴ ነው፣ ዙሪያውን ክብ ነው።

መልስ፦ ይህን መጀመሪያ ብትጽፈው ኖሮ ትናንት ስትሰፋ ትውል ነበር። ጎረቤታችሁ የሰጠችህ የፋብሪካ መኪና መርፌ ነው፤ ግንዱ ክብና ከቤት መኪና መርፌ የቀጠነ ስለሆነ፣ ብሎኑን ብታጠብቀውም በቦታው አይቀመጥም። ክሩን ከሥር የሚጠልፈው መንጠቆ ደግሞ መርፌውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው የሚያልፍ ስለሆነ፣ መርፌው በፀጉር ስፋት ከራቀ የክሩን ቀለበት ይስታል፤ ስፌት ዘለለ የምንለው ይህንን ነው። አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ግንድ ያለውን፣ 130/705 ኤች ወይም 15×1 የሚል የተጻፈበትን ግዛ። ስታስገባው በመርፌው ጎን ያለው ረጅሙ ቦይ ክሩ በሚገባበት በኩል፣ ጠፍጣፋው ጎን ክሩ በሚወጣበት በኩል ይሁን፤ ወደ ላይም እስኪያቆመው ድረስ ግፋው።

ጥያቄ (ከሰንጋ ተራ)፦ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ እንዳሉኝ ገዝቼ አስገባሁት፤ መዝለሉ ቆሟል። አሁን ግን ክሩ ይበጠስብኛል።

መልስ፦ ክሩ የትኛው ነው?