መጨረሻውን አስቀድመው ያንብቡ

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄን ትምህርት ቤት ውስጥ ልጆች እየተሳለቁባት ያስለቅሷታል። ይረዳት ይሆናል ብዬ ስለዚሁ ጉዳይ የሚተርክ ልብ ወለድ ገዛሁላት። መጨረሻ ላይ ተሳዳቢው ልጅ ይቅርታ ጠይቆ ጓደኛ ሲሆን ግን «ውሸት ነው» ብላ ዘጋችው። ምን ዓይነት መጽሐፍ ልምረጥ? እንዴትስ ላንብብላት?

መልስ፦ ልጅዎ እውነቷን ነው። እንዲህ ያለው በደል የሚደጋገምና ጉልበቱ ወይም ተሰሚነቱ ወደ አንዱ ወገን ያጋደለ ስለሆነ በአንድ ይቅርታ እምብዛም አይቆምም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት መጨረሻውን ያንብቡ። ችግሩ በቡጢ ወይም በድንገት በተገለጠ ተሰጥኦ ከተፈታ ይተዉት፤ ልጅዎ ነገ ክፍል ውስጥ ልትሞክረው የምትችለው ነገር የለውም። ባለታሪኳ ለትልቅ ሰው ስትናገር፣ የመጀመሪያው ባይሰማት እንኳ ወደ ሌላ ስትሄድ የሚያሳይ ይምረጡ። ዳር ቆሞ በሚያይ ልጅ አንደበት የሚተረክ ታሪክም ለውይይት ይመቻል፤ ልጅቷ ስለ ራሷ ሳታወራ ፍርዷን መስጠት ትችላለች።

ሲያነቡላት 15 ደቂቃ ይበቃል። ማታ ከሆነ ግን ባለታሪኳ የተዋረደችበት ቦታ ላይ አያቁሙ፤ አንድ ሰው ከጎኗ እስኪቆም ይዝለቁ። «አንቺንስ እንዲህ ያደርጉሻል?» አይበሏት፤ ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። ስለ ባለታሪኳ «አሁን ለማን ብትነግር ይሻላታል?» ብለው ይጠይቋት።

ስለ ራሷ ማውራት ከጀመረች መጽሐፉን አስቀምጠው ያዳምጧት። ያለችውን በራሷ ቃል፣ ከቀኑና ከቦታው ጋር ጽፈው ለመምህሯ ያድርሱ። ይህን እንደሚያደርጉ ግን አስቀድመው ለእሷ ይንገሯት።