ቀኑን የሚረሳ ኮምፒውተር፣ የሚጮኽ ራም እና የማይነበብ የአማርኛ ጽሑፍ

ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ሦስቱ ከ10 ዓመት በላይ ያገለገሉ የቤት ኮምፒውተሮችን የሚመለከቱ በመሆናቸው አንድ ላይ መልሰናቸዋል።

ጥያቄ፦ የቤታችን ኮምፒውተር ያገለገለ ዴስክቶፕ ሆኖ የተገዛ ነው። ፕሮሰሰሩ ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 3፣ ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) 4 ጊጋባይት ነው። መብራት ሄድ መጣ ስለሚል ማታ ማታ ከሶኬት እነቅለዋለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በከፈትነው ቁጥር ቀኑ ወደ 2012 እ.ኤ.አ. ተመልሶ ይገኛል፤ ኢንተርኔት ስንገባም አብዛኞቹ ገጾች «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያሉ አይከፈቱም። በዚያ ላይ ተነሥቶ ለሥራ እስኪደርስ ቡና ተፈልቶ ይጠጣል። ያሳየሁት ባለሙያ መጀመሪያ ፎርማት ይደረግ አለኝ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ቢገዙ ይሻላል አለኝ። ልጆቼ የሚያጠኑበት ስለሆነ ምን ትመክሩኛላችሁ? (አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለቱ ችግሮች አብረው ስለመጡ የአንድ ብልሽት ምልክቶች ይመስላሉ፤ መነሻቸው ግን የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

የቀኑ ጉዳይ ቀላል ነው። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ሲአር 2032 የምትባል ክብና ጠፍጣፋ የ3 ቮልት ባትሪ አለች። ኮምፒውተሩ ተዘግቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ሰዓቱ የሚሠራው ከፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት ኃይል ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ከሚያከፋፍለው ክፍል) በሚመጣ አነስተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሲነቀል ግን ሥራው ሁሉ በባትሪዋ ላይ ይወድቃል። በየማታው የሚነቀል ኮምፒውተር ባትሪውን ቶሎ የሚጨርሰው ለዚህ ነው። ይህን ስል ልማድዎን ይተዉ ማለቴ አይደለም፤ መብራት ተቋርጦ ሲመለስ የሚመጣው የኃይል መዋዠቅ ከሚያቃጥለው ፓወር ሰፕላይ ጋር ሲነጻጸር የባትሪዋ ዋጋ ኢምንት ነው። ገጾቹ የማይከፈቱትም በዚሁ በቀኑ ምክንያት ነው። ደኅንነቱ የተጠበቀ ድረ ገጽ ሁሉ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል ዲጂታል የምስክር ወረቀት ይዞ ይቀርባል፤ ዘመኑን 2012 አድርጎ የሚያምን ኮምፒውተር ደግሞ በቅርቡ የተሰጠውን የምስክር ወረቀት ገና ጊዜው ያልደረሰ አድርጎ ይቆጥረውና አይቀበለውም።

ባትሪዋን ራስዎ መቀየር ይችላሉ፤ ሆኖም አንድ ነገር ይቅደም። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት ወደሚነሣው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ገብተው የቅንብሩን ገጾች በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ በተለይ ሃርድ ዲስኩ በምን ዓይነት አሠራር እንደተያያዘ የሚናገረውን፣ ማለትም ኤኤችሲአይ፣ ሬይድ ወይም አይዲኢ የሚለውን መስመር አይለፉት። ባትሪዋ ስትወጣ ወይም ስትደክም ቅንብሩ ከፋብሪካ ወደወጣበት ሊመለስ ይችላል፤ ያ መስመር ከተለወጠ ደግሞ ዊንዶውስ መነሣት ጀምሮ ሰማያዊ ስክሪን ላይ ይቀራል። «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ይደረግ» ከሚባልባቸው ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹ የሚያስፈልጋቸው ይህን አንድ መስመር መመለስ ብቻ ነው፤ በዚህ ምክንያት የቤተሰብ ፎቶና የልጆች ሥራ መጥፋቱ በእጅጉ ያሳዝናል። ፎቶውን ካነሡ በኋላ ገመዱን ነቅለው፣ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጡ፤ ከዚያም መያዣውን ገፋ አድርገው አሮጌዋን ያውጡና አዲሷን የመደመር ምልክቷ እንደ አሮጌዋ ሆኖ ያስገቡ።

ወደ ዝግታው ስንመጣ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማኔጀርን ይክፈቱ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ ካዩት ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም። ነባሩ ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ በሚሽከረከር ሳሕን ላይ መረጃ የሚፈልግ የንባብ ክንድ ስላለው እያንዳንዱ ፍለጋ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ እንዲህ ያለው ፍለጋ በብዙ ሺህ ይቆጠራል። ኤስኤስዲ የተባለው አዲሱ የዲስክ ዓይነት የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህን ጊዜ ወደ ሚሊሰከንድ ክፍልፋይ ያወርደዋል። ስለዚህ ለእርስዎ ኮምፒውተር ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ፣ ቀጥሎም ራሙን 8 ጊጋባይት የሚያደርስ ዲዲአር 3 የተባለ ዓይነት ተጨማሪ ራም ከገዙለት ለልጆች ትምህርት ገና ብዙ ያገለግላል። ዲዲአር 4 ቀዳዳው ስለሚለያይ አይገባም፤ ሲገዙ አሮጌውን ራም ይዘው ይሂዱ።

ፎርማት ሶፍትዌርን እንጂ የደከመ ዲስክን አያድስም። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤንነት ይመልከቱ፤ በቢጫ ወይም በቀይ ካስጠነቀቀ፣ ወይም ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ከማንኛውም ጥገና በፊት ሰነዶችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዲስክ የሚፈትሸውን ቼክ ዲስክ ወይም ፋይሎችን መልሶ የሚያደራጀውን ዲፍራግ ያስነሣል፤ ይህ ግን የሚሞተውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ስለሚያስሮጠው የቀረውን ዕድሜ ይበላበታል።

ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያው ተቋርጧል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ እና፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከሆነ፣ በአመዛኙ ከስምንተኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን ስለሚጠይቅ የእርስዎን ኮምፒውተር አይቀበልም። በዘዴ አታልሎ መጫን ይቻላል ቢባልም አልመክርዎትም። በዊንዶውስ ፈንታ የሚያገለግለውን ነፃ ሥርዓት ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ ላይ አድርገው ሳይጭኑት መሞከር ይችላሉ፤ ኢንተርኔቱ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን አይተው ይወስኑ። በአሮጌው ዊንዶውስ ላይ መቆየት ግድ ከሆነብዎት የባንክ ሥራ አይሥሩበት።

ጥያቄ፦ ክረምቱን ሳንጠቀምበት የቆየ ኮምፒውተር ስንከፍተው ፋኑ ይዞራል፣ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ሞኒተሩ ግን ጨለማ ነው። ሞኒተሩን በሌላ ኮምፒውተር ሞክረነው ይሠራል። (አንባቢ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ራሙ ነው። የድምፁ ቁጥርና ርዝመት ትርጉሙ እንደ አምራቹ ስለሚለያይ ስንት ጊዜ እንደጮኸ መዝግበው በኮምፒውተሩ ሞዴል ይፈልጉት። ገመዱን ነቅለው፣ የሣጥኑን ብረት በእጅዎ ነክተው፣ ራሙን ያውጡና ወርቃማ ጥርሶቹን በለስላሳ ነጭ ላጲስ በቀስታ ያሹ፤ ፍርፋሪውን በደረቅ ብሩሽ ያራግፉ፣ ጥርሶቹንም በጣት አይንኩ። ሲመልሱት መያዣዎቹ ቀጭ ብለው እስኪገጥሙ ድረስ ይጫኑ። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ፣ ከዚያ ሌላውን ብቻ፣ በየቀዳዳው እየቀያየሩ ይሞክሩ፤ የትኛው ራም ወይም የትኛው ቀዳዳ እንደተበላሸ የሚታወቀው እንደዚህ ነው።

ሣጥኑ ከተከፈተ ላይቀር አቧራውንም ያጽዱ። በብሎወር ሲነፉ የፋኑን ክንፎች በእንጨት ደግፈው ይያዙ፤ በአየር ግፊት እንዲሁ ቢሽከረከር መዞሪያው ይጎዳል። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ካፓሲተር የተባሉ ትንንሽ ሲሊንደሮችም ይመልከቱ፤ ጭንቅላታቸው ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጣ ካለ ሥራው የብየዳ ባለሙያ ነው። ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አይክፈቱ፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ለሕይወት የሚያሰጋ ኤሌክትሪክ በውስጡ ሊቆይ ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ የሰፈራችንን ዕድር መተዳደሪያ ደንብና የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሲጽፉ ኖረዋል። ፋይሎቹን በፍላሽ ወደ ላፕቶፔ ገልብጬ ስከፍታቸው አማርኛው ጠፍቶ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተደርድረው አገኘሁ። ጽሑፉ ተበላሽቷል ማለት ነው? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ነገር ግን በላፕቶፑ ላይ አርመው ሴቭ እንዳያደርጉት፣ ፎንቱንም (ለፊደሉ መልኩን የሚሰጠውን ፋይል) እንዳይቀይሩት አደራ እላለሁ። ለአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ውስጥ የራሱ ቁጥር የተሰጠው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ ፕሮግራሞች የፊደላችንን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥሮች ላይ እየሣሉ ይጠቀሙ ነበር። ሰነዱ ውስጥ ያለው ቁጥር የላቲን ነው፤ አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ብቻ ነው። የዚያን ጊዜ አንድ ፎንት የሚይዘው ከ256 የማይበልጥ ቦታ፣ ፊደላችን ግን ከእነዝርያው ከ300 በላይ ስለሆነ፣ አንዱን የአማርኛ ጽሑፍ ለመጻፍ ሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች በጋራ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ አንዱን ፎንት ብቻ ቢያመጡ ከአንድ ቃል ውስጥ ግማሹ ፊደል ተነቦ ግማሹ እንደተደበላለቀ ይቀራል።

አሮጌው ኮምፒውተር ሳያርፍ ሰነዱን በእሱ ላይ ይክፈቱ። በተለያዩ ፊደላት ላይ ጠቋሚውን እያሳረፉ የፎንቶቹን ስም አንድ በአንድ ይመዝግቡ፤ ከዚያም ከዊንዶውስ የፎንት ማኅደር ሁሉንም ገልብጠው ላፕቶፑ ላይ ይጫኑ። ጽሑፉ ወዲያው ይመለሳል። ቀጥሎ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ እያንዳንዱን ሰነድ በፒዲኤፍ ያስቀምጡ። ፒዲኤፉ ለማንበብና ለማተም ይበቃል፤ ማረም ወይም ቃል መፈለግ ከፈለጉ ግን ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ መሣሪያ ማሳለፍ ይኖርብዎታል። ከተለወጠ በኋላ ስሞችን፣ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ከፒዲኤፉ ጋር እያስተያዩ ይመርምሩ፤ ስሕተት የሚበዛው እዚያ ነው።

ኮምፒውተሩ ጨርሶ የማይነሣ ቢሆንም ዲስኩ ደኅና እስከሆነ ድረስ ተፈትቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከላፕቶፑ ጋር ሊያያዝና ሰነዱም ፎንቱም ሊገለበጥ ይችላል። በዚያ ዘመን የነበሩት ዲስኮች አብዛኞቹ ሰፊና ጠፍጣፋ ገመድ የሚቀበሉ አይዲኢ በመሆናቸው፣ ማገናኛውን ሲገዙ ሳታ ለተባለው አዲሱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን ለአይዲኢም የሚያገለግል፣ የራሱ የኃይል ገመድ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ።