ጥያቄና መልስ፦ የድሮውን ቪዲዮ ካርድ እንደ አዲስ ስንሠራ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ኮምፓክ ፖርተብል ናቸው። ለማታውቁት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ይፋ የሆነ፣ 13 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ ባለ 9 ኢንች አረንጓዴ ስክሪን የተገጠመለት ኮምፒውተር ነው። ቪዲዮ ካርዱ ሲሞት ማሽኑ ጨለማ ይሆናል። መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ ካርዱን ራሳቸው እንደ አዲስ መሥራት የጀመሩ አሉ። ደስ ይለኛል።

ካርዱ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባበት ጥርስ ስንት ነው? ወርቅ ቅብ የግድ ነው ወይ?

62፤ በእያንዳንዱ ጎን 31። የቦርዱ ውፍረት 1.6 ሚሊሜትር ይሁን። ወርቁን አትሰስት።

አንድ አንባቢ ካርዱን ሠርቶ ጨርሷል። ግራፊክሱ ልቅም ያለ ነው። ጽሑፍ ላይ ግን መስመሮቹ ተጋድመው ይሮጣሉ። ሦስት ጊዜ ደግሞ በይዶታል፤ ለውጥ የለም። «ስክሪኑ ይሆን የተበላሸው?» ይላል።

ስክሪኑን ተወው። ብየዳውንም እባክህ አትነካካው። ግራፊክሱ ጥርት ብሎ ከመጣ አብዛኛው ብየዳህ ደህና ነው። ችግርህ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው፤ ማለትም ካርዱ ነጥቦቹን የሚልክበትን ፍጥነት በሚመታው ምልክት ላይ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችሁ የምትሰናከሉት እዚሁ ነው። የቦርዱን ቅርጽ፣ የቺፖቹን አቀማመጥ፣ ቀለሙን ሳይቀር ትገለብጣላችሁ። ስክሪኑ ግን ይህን ሁሉ አያየውም። እሱ የሚያውቀው ምልክቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመጣለት ብቻ ነው። ኮምፓክ ደግሞ በዚያች አንድ ስክሪን ሁለት ዓይነት ምስል ነበር የሚያሳየው፦ ጽሑፉን በ720 በ350 ነጥብ፣ ግራፊክሱን በ640 በ200። ሁለቱ በአንድ ፍጥነት አይሄዱም።

ግራፊክሱ የአይቢኤምን የቀለም ካርድ፣ ጽሑፉ ደግሞ የአይቢኤምን የጽሑፍ ካርድ ይመስላልና የእነዚህን ሁለት ካርዶች ቁጥር ይዘን እናስላው። የቀለም ካርዱ የ14.318 ሜጋኸርዝ ሰዓት ከማዘርቦርዱ ይቀበላል። አንዱ መስመር፣ የማይታየው ዳር ዳሩ ተጨምሮ፣ 912 ነጥብ ይፈጃል። ሲካፈል በሰከንድ 15,700 ገደማ መስመር ይወጣል። የጽሑፍ ካርዱ በ16.257 ሜጋኸርዝ ይነዳል፤ መስመሩ 882 ነጥብ ነው። ይህ 18,430 ገደማ ይሰጣል። አሁን የጽሑፉን 882 ይዘህ በ14.318 ብትነዳው 16,230 ገደማ ላይ ትቀራለህ። ከ18 ሺህ በላይ የሚጠብቅ ስክሪን ይህን አይዝልህም፤ ምስሉ ይጋደማል። የላክኸው ንድፍ ላይ ሁለቱም ከአንድ ሰዓት ነው የሚነዱት። እሱን ለያየው።

እግረ መንገድህን 6845 ቺፑ ላይ፣ ማለትም የስክሪኑን መስመሮች በሚቆጥረው ላይ፣ የጻፍከውን ቁጥር እየው። ይህ ቺፕ የመስመሩን ርዝመት የሚይዘው አንድ ቀንሶ ነው። የሚቆጥረው በፊደል ነው፤ መስመርህ 114 ፊደል (912 ነጥብ ለ8 ሲካፈል) ከሆነ የሚጻፈው 113 ነው። ደግሞ በግምት እየቀያየርክ አትሞክር። እንደ አይቢኤም 5151 ያሉ የዚያ ዘመን ስክሪኖች የተሳሳተ ሲንክ (መስመሩና ምስሉ የት እንደሚጀምር የሚነግራቸው ምልክት) ከመጣባቸው ሊቃጠሉ ይችላሉ።

የሚሠራ ኦሪጂናል ካርድ ያላችሁ ደግሞ አንዲት ቺፕ ከመንቀላችሁ በፊት በኦሲሎስኮፕ (የምልክቱን ቅርጽና ፍጥነት በሚያሳይ መሣሪያ) ለኩት። ሁለቱንም ሲንክ፣ የመስመሩንም የሙሉ ምስሉንም፣ ጽሑፍ ላይም ግራፊክስ ላይም። እኔ አንዴ ሳልለካ መንቀል ጀመርኩ። ከአንዱ እግር ጋር የመዳቡ ቀለበት ተልጦ ተነሳ፤ ከሥሩ ፀጉር የምታክል መስመር አብራ ተበጠሰች። ካርዱ ዳግም አልበራም። የምለካውንም ያኔ አጣሁ። ዛሬም ይቆጨኛል።

በካርዱ ላይ ባሉት ትንንሽ የ74ኤልኤስ ሎጂክ ቺፖች ፋንታ 74ኤችሲ አገኘሁ፤ ልጠቀም?

74ኤችሲቲ ፈልግ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ቲ» ትርጉም አላት፤ የኤልኤስን ምልክት ይረዳል ማለት ነው። ኤችሲ በ5 ቮልት ሲሠራ 3.5 ቮልት ካልደረሰው ምልክቱን «አንድ» ብሎ አያነብም፤ ኤልኤስ ደግሞ ያን ያህል እሰጣለሁ ብሎ ቃል አይገባም። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም። ከዚህ የከፋ ብልሽት የለም።

አንዲት አንባቢ የስክሪኑን ጀርባ ከፍታ አቧራውን ልትጠርግ አስባለች። «ከሶኬት ከነቀልኩት ምን ይሆናል?» ትላለች።

እኅቴ፣ ቆይ። መንቀሉ ብቻውን አይበቃም። የስክሪኑ የብርጭቆ ቱቦ ራሱ እንደ ካፓሲተር ቻርጅ ይይዛል። ሲሠራ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት አለበት፤ ከጠፋም በኋላ ሊቀር ይችላል። ከቱቦው ጎን እንደ ጎማ ኩባያ የተለጠፈችውን፣ ወፍራም ሽቦ የሚገባባትን አይተሻል? እሷን በጣትሽ እንዳትነኪ። የቱቦው አንገትም ቀጭን ነው፤ ውስጡ አየር ስለሌለው ከተሰበረ ብርጭቆው ይፈናጠራል። የድሮ ቲቪ ሲጠግን የኖረ ሰው ፈልጊ፤ ቻርጁን አጠገብሽ ሆኖ ያውርድልሽ። ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምልሽ። እሱ ሳይመጣ ሳጥኑን አትክፈቺ።

ዳይናሚክ ሜሞሪውን በስታቲክ ብተካውስ?

ተካው። የአይቢኤም ቀለም ካርድ ሜሞሪ 16 ኪሎባይት ብቻ ነበር፤ ዛሬ አንድ 32 ኪሎባይት ቺፕ ይሸፍነዋል። ዳይናሚኩ በየጊዜው ካልታደሰ ይረሳል፤ ስታቲኩ ይህ ጣጣ የለበትም። ለውጡን ግን ንድፉ ላይ ጻፈው።

የሠራሁትን ካርድ የድሮውን ድርጅት ምልክት አትሜበት ልሽጠው?

አይሆንም። ቦርዱ ላይ «ቅጂ» ብለህ፣ የሠራህበትን ዓመት አትምበት፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚገዛው ሰው እንዳይታለል። ስለ ፊደል ሮሙ (የፊደሎቹን ቅርጽ ስለያዘው ቺፕ) የባለቤትነት መብት ጠበቃ አማክር።