አጋዘኑ ፊት ለፊት ከቆመ ልተኩስ ወይስ ልጠብቅ? ላልከው

አትተኩስ፣ ጠብቅ። የአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛትም ሆነ ሌላ ቦታ ያው ነው። አጋዘኑ ደረቱን ወደ መደበቂያህ አዙሮ ሲቆም ዒላማህ በጣም ጠባብ ነው፤ ጥይቱ ትንሽ ወደ ጎን ካለ ሳንባውን ይስትና ትከሻውን ወይም ሆዱን ይመታል፣ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባል።

ጎኑን እስኪሰጥህ ታገስ። ያኔ ከፊት እግሩ ጀርባ፣ ከደረቱ ግርጌ የሰውነቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብለህ አነጣጥር። ልብና ሳንባው እዚያ ነው። ካልዞረ ይሂድ።

ከተኮስክ በኋላ ቶሎ አትውጣ። የቆመበትን ቦታ በዓይንህ ያዝና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ። ደሙ ደማቅና አረፋ ያለው ከሆነ ሳንባውን ነው፣ ቅርብ ታገኘዋለህ። ፈርስ ካየህ ወይም ከሸተተህ ግን ሆዱን መተኸዋል፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ሳትከተለው ቆይ፣ ካሳደድከው ተነስቶ ርቆ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ በራሴ ስለደረሰ። የጠመንጃው መነጽር ከአፈሙዙ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። በመነጽሩ አጋዘኑ ጥርት ብሎ እየታየህ አፈሙዙ ገና ከመደበቂያህ መስኮት ጠርዝ በታች ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ዓመቴ ጥይቴ የመስኮቱን እንጨት መትቶ አቅጣጫውን ሳተና የአንዲት አጋዘን እግር አቆሰልኩ፤ እስኪመሽ ፈልገን አላገኘናትም። እስካሁን ያመኛል። ስለዚህ ቃታ ከመሳብህ በፊት ዓይንህን ከመነጽሩ አንሳና አፈሙዙ ከመስኮቱ መውጣቱን እይ።