ዛጎሉ ለምን ወደ ባሕር ይመለሳል?

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በአንዳንድ አገሮች ከምግብ ቤቶች የተሰበሰበ የኦይስተር ዛጎል፣ ኦይስተር እንደገና እንዲራባ ወደ ባሕር እንደሚመለስ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው፣ አንዲት ተማሪ «ማጥመዱን ማቆም ብቻ አይበቃም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልመልስላት?

መልስ፦ ተማሪዎ የነገሩን ሥር ነክታለች። ኦይስተር ባለ ሁለት ክዳን የባሕር እንስሳ ሲሆን፣ እጩ (ከእንቁላል የተፈለፈለው፣ ገና ያላደገው ኦይስተር) ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ያህል በውኃው ውስጥ ከተንሳፈፈ በኋላ ጠንካራ ነገር አግኝቶ ካልተጣበቀ በሕይወት አይቆይም፤ በእጅጉ የሚስማማው ደግሞ የቀደሙት ኦይስተሮች ዛጎል ነው። አንድ አሮጌ ዛጎል ገልበጥ አድርጎ ለሚያይ ሰው፣ የጥፍር ጫፍ የሚያህሉ ታዳጊዎች በለስላሳው ገጽ ላይ ተለጥፈው ይታዩታል። ለዘመናት በዚህ መልክ የተከመረውን ክምር አጥማጆች ከነመሠረቱ ዝቀው ስላወጡት፣ ዛሬ ማጥመዱ ቢቆም እንኳ እጩ የሚያርፍበት የለውም። የጦሳን ተራራ ተዳፋት ያስቡ፦ አፈሩ ታጥቦ ባለቀበት ቦታ፣ እርከን ሳይሠራ ከብት መከልከል ብቻውን ችግኝ አያጸድቅም።

በእ.ኤ.አ. 2011 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት 85 በመቶ ያህሉ የኦይስተር ክምር መጥፋቱን ገምቷል። ጉዳቱ ከባድ ነው፤ አንድ ያደገ ኦይስተር ሁኔታው ሲመቸው በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ያጣራልና።

ዛጎሉ በሽታ እንዳያዛምት አስቀድሞ ለወራት ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ከዚያም በማራቢያ ጣቢያ እጭ ይለጠፍበትና ባሕር ውስጥ ይጨመራል። አሜሪካ ውስጥ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ፣ ሃሪስ ክሪክ በተባለው ስፍራ፣ በዚህ ዘዴ 140 ሄክታር ገደማ ላይ ከ2 ቢሊዮን በላይ ታዳጊ ኦይስተሮች ተዘርተዋል።