ናስ የተባለው ቡሺንግ እፍግታው 6.8 ሲወጣ

ጥያቄ፦ ናስ (የመዳብና የዚንክ ቅይጥ) ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ቡሺንግ፣ ማለትም ዘንግ የሚሽከረከርበት ቀዳዳ ያለው ቀለበት አለ። አንድ ጫፉ ላይ ከንፈር አለው፣ ውስጡ ደግሞ የዘይት መሄጃ ቦይ ወጥቶለታል። ቅርጹ ስላስቸገረኝ በካሊፐር (ዲያሜትርና ውፍረት በሚለካ መሣሪያ) ለክቶ ማስላቱን ተውኩትና ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ሚዛን ላይ 340 ግራም ነው። የመለኪያ ጆግ ውስጥ ሳስገባው ውሃው ከ500 ወደ 550 ሚሊ ሊትር ከፍ አለ። 340ን ለ50 ሳካፍል 6.8 መጣ። ናስ ግን 8.5 አካባቢ ነው ይባላል። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ በዚህ ልኬት ብቻ ሻጩን አይጠርጥሩት። ስሌቱን አልሳቱም። እፍግታ ማለት መጠነ ቁስ ለይዘት ሲካፈል ነው። አንድ ሚሊ ሊትር ደግሞ ከአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ጋር እኩል ነው። ያሳሳተዎት ጆጉ ነው።

እንደዚህ ዓይነት ጆጎች ብዙ ጊዜ መስመራቸው በየ50 ሚሊ ሊትር ነው። በሁለቱ መስመሮች መሃል ያለውን ዓይን በግምት ነው የሚያነበው። ውሃው የጨመረው 50 ሳይሆን 40 ቢሆን መልሱ 8.5 ይሆን ነበር፤ ያ ናስ ነው። ንባቡ በግማሽ መስመር ወዲያ ወዲህ ቢል እንኳ ይዘቱ ከ25 እስከ 75 ሊሆን ይችላል። ያኔ እፍግታው ከ13.6 እስከ 4.5 ይዋዥቃል። 4.5 ቲታኒየም ነው። 13.6 ፈሳሹ ሜርኩሪ ነው። ብረት፣ ናስ፣ መዳብ፣ እርሳስ ሁሉም በዚህ መሃል ይገባሉ። ስለዚህ ያ 6.8 ስለ ዕቃው ምንም አልነገረዎትም።

ይሄን ሁሌም ያስቡበት። ሚዛንዎ እስከ ግማሽ ግራም ቢሳሳት ከ340 ላይ ምንም አይደለም። ይዘቱ ግን ትንሽ ቁጥር ስለሆነ ጥቂት ሚሊ ሊትር ስህተት መልሱን ያበላሸዋል። እፍግታ ስንለካ ጭንቀታችን ሁሉ ይዘቱ ላይ መሆን አለበት።

ደስ የሚለው ነገር፣ ይዘቱንም በዚያው ሚዛን መለካት ይቻላል። እኔ ቅርጹ ለተወሳሰበ ዕቃ ከዚህ የተሻለ ቀላል መንገድ አላውቅም።

መጀመሪያ ቡሺንጉን ከዘይትና ከግራሶ በደንብ ያጽዱት፣ ያድርቁት፣ ይመዝኑት። ከዚያ ቡሺንጉ ሙሉ በሙሉ የሚጠልቅበት ውሃ ያለው ዕቃ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱት። አሁን ቡሺንጉን በቀጭን የናይለን ክር አስረው ውሃው ውስጥ ያንጠልጥሉት። ሁለመናው ይጥለቅ፤ ግን ታቹንም ጎኑንም አይንካ። ክሩን በእጅ ከመያዝ ከላይ ከተጋደመ ዘንግ ላይ ማሰር ይሻላል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሚዛኑ ላይ የሚያዩት ግራም የዕቃው ይዘት ነው፣ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር።

ለምን? ውሃው ዕቃውን ወደ ላይ ይገፋዋል። የግፊቱ መጠን ዕቃው ቦታውን ከወሰደበት ውሃ ክብደት ጋር እኩል ነው፤ የአርኪሜደስ ሕግ ይሄው ነው። ዕቃውም በዚያው ልክ ውሃውን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ሚዛኑም ያንን ያነባል። የቀረውን የዕቃውን ክብደት የተሸከመው ክሩ ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውሃ አንድ ግራም ስለሆነ ሌላ ስሌት አያስፈልግም። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትክክለኛው 0.998 ነው፤ ለእርስዎ ሥራ ግን ልዩነቱን ይርሱት።

ሚዛኑ 40 ካሳየ 340 ለ40፣ 8.5 ማለት ነው። ሚዛንዎ የሚያነበው በአንድ ግራም ልዩነት ቢሆን እንኳ እውነተኛው ይዘት ከ39.5 እስከ 40.5 ነው፣ እፍግታውም ከ8.4 እስከ 8.6። ከጆጉ ጋር ያስተያዩት!

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። ቁጥሩ ድንገት ዘሎ መቶ ቤት ከገባ ዕቃው ታቹን ነክቷል። የአየር አረፋ ደግሞ ቦዩ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ ይዘቱን ያሳብጥና እፍግታውን ዝቅ ያደርገዋል። ውሃው ላይ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያድርጉ፣ ዕቃውንም ውሃ ውስጥ እንዳለ ትንሽ ነቅነቅ ያድርጉት።

በካሊፐር መሥራትም ይቻላል፣ ግን ቀላል ለሆነ ቅርጽ ነው። የውስጡን ቀዳዳ መቀነስ እንዳይረሱ። ሚሊ ሜትር ለክተው ካሰሉ ደግሞ የመጣውን ለ1000 ያካፍሉ፣ ያኔ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ዲያሜትር በስሌቱ ውስጥ በራሱ ስለሚባዛ፣ ድፍን ዘንግ ላይ 1 በመቶ ቢሳሳቱ ይዘቱ ላይ 2 በመቶ ይሆናል። ቀዳዳ ያለው ላይ ይብሳል።

አሁን መልሱን እንዴት ያንብቡት? ከ8.4 እስከ 8.7 ከመጣ ናስ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። 7.85 አካባቢ ከሆነ ከላይ ናስ የተቀባ ብረት ሊሆን ይችላል፤ ማግኔት ያስጠጉት። 6.6 ወይም 6.7 ቢመጣ የዚንክ ቅይጥ ይጠረጠራል። እዚህ ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ ከነሐስ (የመዳብና የቆርቆሮ፣ ማለትም የቲን ቅይጥ) ብናኝ ተጨምቆ፣ በሙቀት ተጋግሮ የሚሠራ፣ ዘይት የሚይዝ ቡሺንግም አለ። በውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት እፍግታው ከ6 እስከ 7 ባለው መሃል ይወድቃል። እሱ ማጭበርበር አይደለም፣ አሠራሩ ነው። የእርስዎ ግን የዘይት ቦይ የወጣለት ስለሆነ እንደዚያ አይመስለኝም።

ናስና ነሐስን በእፍግታ ብቻ ለመለየት አይሞክሩ። የነሐስ እፍግታ ብዙ ጊዜ 8.8 አካባቢ ነው፤ ቅይጡ ሲለያይ ሁለቱ ይቀራረባሉ። የግድ ማወቅ ካለብዎት የብረታ ብረት ቅይጥ የሚመረምር ላብራቶሪ በኤክስሬይ መሣሪያ መዳቡን፣ ዚንኩንና ቆርቆሮውን በመቶኛ ለይቶ ይነግርዎታል።